ስድስት ብሎን

የሀጂ ጀማሉ መኪና አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሞላ ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው ትንሽ ቢጫ መብራት በራች። ሀጂ አልደነገጠም፤ ሲጠብቃት ነበር። መብራቷ በየመቶ ሺው ትበራለች፣ የታይሚንግ ቺንጋው ይቀየር ማለቷ ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በርታ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሀጂ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ድረስ ነድቶ ሀቢቡ ጋራዥ አስገብቷታል። አዲስ አበባ መካኒክ ጠፍቶ አይደለም። ያቺን መኪና ከሀቢቡ በቀር ሌላ እጅ እንዲነካት ስለማይፈልግ ነው።

መኪናዋ ሰው ኮብራ የሚላት ላንድክሩዘር ናት። ሀጂ በብረታ ብረት ንግድ ገና ስሙ ሲነሳ ነው የገዛት፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ለልጆቹ አዳዲስ መኪኖች ገዝቷል፤ እሱ ግን ከእሷ አልወረደም። ዘይቷ ቀኗን አሳልፎ አያውቅም። የቆዳ ወንበሮቿ ጨርቅ ለብሰው ነው የኖሩት። ጫማውን ሳያራግፍ የሚገባ ሰው ካለ፣ ወንድሙም ቢሆን፣ ይወርዳል። ሞተሯን ራሱ በጥርስ ብሩሽ ያጸዳል ይባላል፤ ሀቢቡ ኮፈኑን በከፈተ ቁጥር ይህ ወሬ እውነት እንደሆነ ያያል።

አረፋ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ነበር። ሀጂ እንደ ልማዱ የፕላስቲክ ወንበር አስመጥቶ ከመኪናዋ ፊት ተቀመጠ። ሀቢቡ የላይኛውን ክዳን ስድስት ብሎን ፈትቶ አወጣ። ቺንጋው ባለ ጥርስ ሰፊ የጎማ ቀበቶ ነው፤ የሞተሩን ላይና ታች አንድ ላይ የሚያዞረው እሱ ነው። ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ይጋጫል። ስለዚህ ሀቢቡ አሮጌውን ከማውለቁ በፊት ቺንጋው በሚዞርባቸው ፑሊዎች ላይ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ አገናኘ፣ ዓይኑን አጥብቦ አየ፣ እንደገና በጣቱ ዳሰሰ።

«ዘንድሮ እጅህ ከብዷል ሀቢቡ» አለ ሀጂ። «የአማት ቤት ቅቤ ነው?»

«ገና አልጋበዙንም ሀጂ።»

«አብዱልሃፊዝ መቼ ሰው ይጋብዛል! ሚዛን ሳያይ ሰላምታ የማይመልስ ሰው።»

ሀቢቡ ሳቀ። አብዱልሃፊዝ የታወቀ የበርበሬ ነጋዴ ነው። የሀቢቡ የመጀመሪያ ልጅ ሩፋይዳ ለእሱ ልጅ ታጭታለች፤ ኒካው ከአረፋ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ ተቆርጧል። ሩፋይዳ ፋርማሲ ተምራ የተመረቀች፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ልጁንም ወዳው ነው። ሀቢቡ በዚያ ሰሞን ስለ ሌላ ነገር እምብዛም አያስብም ነበር።

አዲሱን ቺንጋ አስገባ። ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር አዞረና ምልክቶቹን መልሶ አየ። ቦታቸው ነበሩ። ክዳኑን ገጠመ፤ ከዚያ መብራቷን ለማጥፋት የዳሽቦርዱን ፊት አወለቀ። ከጀርባው አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው ወደ ሌላው ሲያዛውሯት መብራቷ ትጠፋለች፣ እስከሚቀጥለው መቶ ሺህ ድረስም አትበራም።

ሀጂ አንገቱን አስግጎ አየ። «ይህቺን ብቻ አዛውሮ ቺንጋውን ባይቀይርስ፤ ሰው ምን ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም።»

«ደግ ሰው በመሆንህ ነው እንጂ።»

ሀቢቡ አሮጌውን ቺንጋ ጠቅልሎ ሰጠው። በእሱ ጋራዥ አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል።

«ምን ላድርገው? ሱሪዬን ልታጠቅበት?» አለ ሀጂ። ቢሆንም ከኋላ ወንበር ሥር ጣለው፣ ሀቢቡን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ለአረፋ ዋዜማ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲጎርፍ፣ ኮብራዋ ከቡኢ ከተማ አለፍ ብላ ቆመች። ሀጂ የሚስቱን ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ይዞ ነበር። እነዚህ ሰዎች እህታቸውን ሲድሩለት ድሃ ነው ብለው ያንገራገሩ ናቸው፤ ሀጂም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀብቱን የሚያሳያቸው ያህል ነው የኖረው። መንገዱን ሁሉ ስለ መኪናዋ ሲያወራቸው መጥቷል። አሁን ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ ሞተሩ እየተንተባተበ ይጠፋል። በአጠገባቸው የሚያልፉት መኪኖች የሚያውቃቸው ሰዎች መኪኖች ናቸው። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሀጂ! አሮጊቷ ደከማት እንዴ?» ብሎ አለፈ። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ፈገግ አለ።

ሀጂ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጥቂት ቆሞ አየና «ሀቢቡ ጉድ ሠራኝ» አለ። «ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ አጥፍቶ ሰደደኝ።»

ኮብራዋ በአይሱዙ ተጎትታ ቡታጅራ ስትገባ ወሬው ቀድሟት ገብቶ ነበር።

ሀቢቡ የአረፋን ዕለት ከቤቱ ሳይወጣ ዋለ። ሚስቱ ዘይባ «ሂድና ጠይቀው፣ ሃያ ዓመት ያወቅኸው ሰው ነው» አለችው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሀጂ አባት ግቢ ሄደ። መኪናዋ ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ሞተሯ ይሠራል፣ እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። አዲስ የነዳጅ ማጣሪያ ተገጥሞላታል። ከኋላዋ ከታንከሯ የተቀዳ ነዳጅ በጄሪካን ተቀምጧል። ሀቢቡ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፣ በጠርሙስ ቀዳና ወደ ፀሐይ ያዘው። ሀጂ ከቤት ወጣ።

«ከየት ነው የቀዱት ሀጂ?»

«ከማደያ ነዋ።»

«ይሄማ ማደያ አያውቅም። ግማሹ ላምባ ነው። ውሃውም ይኸው ከሥር ተኝቷል።»

ሀጂ ወደ ቤቱ በር ዞር ብሎ አየ። «ድምፅህን ቀንስ። ሰልፉ ሁለት ቀን ነበር። እንግዳ ይዤ ሁለት ቀን ልሰለፍ? ከመንገድ ዳር ቀዳሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ያላደረግሁትን አንድ ቀን አደረግሁ።»

«እኔ ታዲያ ምን አድርጌ?»

«ምንም አላደረግህም። አፌ ላይ መጣህ።»

ሀቢቡ ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። ሀጂ እንደ ቀድሞው በወዳጅነት ነበር የሚያወራው፤ ያስፈራውም ይህ ነው።

«አሁን ይንገሩልኝ እንግዲህ» አለ ሀቢቡ።

«ለማን? ለአማቾቼ? ዋሸኋችሁ ልበላቸው? ሀጂ ጀማሉ መኪናውን በጄሪካን ላምባ ገደላት ይበሉ?» ሀጂ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። «ስማ። ረሳሁ በል። ሥራ በዝቶብኝ መብራቱን አጥፍቼ ቺንጋውን ረሳሁ በል። ሰው መርሳቱ አዲስ ነገር ነው? በወሩ ማንም አያነሳውም።»

«ሀጂ፣ ልጅ እየዳርኩ ነው።»

«ለሠርጉ በሬ እሰጥሃለሁ።»

«በሬ አልፈለግሁም።»

«እንግዲያስ ማል» አለ ሀጂ፣ ፈገግ ብሎ። «ቀይሬያለሁ ብለህ ማልና ነጻ ውጣ።»

እንደማይምል ያውቃል። ሀቢቡ ያደገበት ቤት መሐላ የሚፈራበት ቤት ነው። አባቱ በገዛ መሬታቸው ድንበር ላይ ይማሉ ሲባሉ እውነት በእጃቸው እያለ መሬቱን ትተው ተነሥተዋል፤ መሐላ እውነትም ቢሆን ልጅን ይከተላል ባይ ነበሩ። በቡታጅራ ዙሪያ እንዲህ የሚያስቡ ዛሬም ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ አብዱልሃፊዝ ነው።

አብዱልሃፊዝ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋራዥ መጣ። ወንበር ቢቀርብለት አልተቀመጠም።

«ሰላም አለይኩም አባ ሩፋይዳ። ልጄ ልጅዎን ይወዳል፣ እኔም እወዳታለሁ» አለ። «ግን ሌባ ነው የተባለ ሰው ቤት ሽማግሌ ልኬ ኒካ አላስርም። ነገሩን በሽማግሌ ያጥሩት።»

«ማል ይሉኛል።»

«ከማሉ ደግሞ ይቅር። ተከሶ ከማለ ቤት እኛ ሴት አንወስድም። አባቴም አላደረጉት።»

«አልምል፣ አልሰረቅሁ፣ ታዲያ በምን ልጥራ?»

አብዱልሃፊዝ የበርበሬ አቧራ የገባበትን መሀረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። «እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አለና ሄደ።

ሀቢቡ ግን መልሱን ያውቀው ነበር፤ ቀላልም መሰለው። ክዳኑ ይከፈት። ስድስት ብሎን ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከሥሩ አዲሱ ቺንጋ አለ፣ ጥቁር፣ ነጩ ጽሑፍ እንኳ ያልጠፋ። ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ስለዚህ ሽማግሌ የጠራው ራሱ ሀቢቡ ነው። በማግስቱ ከዐስር ሰላት በኋላ እዚያው ግቢ፣ ከመኪናዋ አጠገብ እንዲሰበሰቡ የለመነውም እሱ ነው። የአሥር ቁጥር የብሎን ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ። ሰብሳቢው አባ ከድሮ ነው፤ ሰማንያ ያለፈው፣ የአንድ ሙሉ ወረዳ ጠብ ያስታረቀ ሰው። አብዱልሃፊዝም ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። የሀጂ አማቾች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አጥሩ ላይ የጎረቤት ሰው ተንጠልጥሏል።

ሀጂ ቃሉን ሰጠ። ቺንጋው አሮጌ ስለነበር ጥርስ ዘለለ፣ መኪናዋ ቆመች፣ ሌላ መካኒክ ያንኑ ቺንጋ ወደ ቦታው መልሶ አስተካከላት አለ። ሀቢቡም የሆነውን ተናገረ፤ ስለ ነዳጁም ተናገረ።

«የቱ ነዳጅ?» አለ ሀጂ።

ጄሪካኑ ቦታው ላይ አልነበረም።

«ራሳቸው ነግረውኛል፣ ትናንት፣ እዚህች ጋ ቆመው።»

«ማን ሰማ?» አለ አባ ከድሮ።

«ማንም አልሰማም» አለ ሀቢቡ።

«አሮጌውንም ቺንጋ በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ» አለ ቀጥሎ።

«የትኛው ጋራዥ ነው አሮጌ ቺንጋ የሌለው?» አለ ሀጂ፤ አጥሩ ላይ ያሉት ሳቁ። «አባ ከድሮ፣ እኔ ነገር አላበዛም። ቀይሬያለሁ ካለ ይማልልኝ። ከማለልኝ ይቅርታ ጠይቄው እሄዳለሁ።»

«ደንቡም እሱ ነው» አለ አባ ከድሮ። «ሀቢቡ ልጄ፣ ምን ትላለህ?»

«መማል የሚያስፈልገው የማይታይ ነገር ሲሆን ነው አባባ። ይሄ ይታያል። ክዳኑ ይከፈትና እዩት። ስድስት ብሎን ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው የመኪናዋን አፍንጫ በጎን አየና ወዲያው ዓይኑን መለሰ።

«መኪናዬን ዳግመኛ እንዲነካት አልፈቅድም» አለ ሀጂ። «ሌላ ሰው ይክፈተው እንዳትሉኝ፤ ማንም አይነካትም። እኔ ለሽማግሌ ነው የመጣሁት። የሽማግሌ ቃል ቀርቶ ብረት ይመስክር ከተባለ እናንተ ለምን ተቀመጣችሁ?»

ይህ አነጋገር አባ ከድሮን ቀና አደረገው። «እውነት ነው» አለ። «እኛ ስልሳ ዓመት ሰው ስንሰማ ነው የኖርነው። ጎንበስ ብለን ሞተር ልናይ አልመጣንም። የሰው ንብረት ነው፣ ባለቤቱ አልፈቀደም። ትምላለህ ወይስ አትምልም?»

«አባባ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ...»

«ተው አልን!» አለ አባ ከድሮ።

ሀቢቡ አብዱልሃፊዝን አየ። አብዱልሃፊዝ መሬቱን ያያል። ቢምል ልጅቱ ትቀራለች። ባይምል ሌባ ነው፣ ልጅቱ ትቀራለች። መኪናዋ ከእሱ ሦስት እርምጃ ላይ ናት፤ ኮፈኗን ሀጂ ጠዋት ከፍቶ ሲያጸዳ እንደተወው ነው።

ሦስቱን እርምጃ ሄደ። አባ ከድሮ «ሀቢቡ!» ብሎ ሲጣራ የመጀመሪያው ብሎን ወጥቷል። ከአማቾቹ አንዱ ሊይዘው መጣ፤ ሀቢቡ በክርኑ ገፋው። እጁ ሥራውን ስለሚያውቅ ዓይኑ እንባ ቢሞላም አልተሳሳተም። ስድስተኛው ብሎን መሬት ላይ ወደቀ። ክዳኑን አውጥቶ ዞረ።

«እዩ!» አለ። «በአላህ፣ ኑና እዩ!»

አብዱልሃፊዝ መጥቶ አየ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሥተው መጡ። አባ ከድሮ ብቻ ከቦታው አልተነሣም። ቺንጋው አዲስ ነበር፤ ነጩ ጽሑፍ ከነቁጥሩ ይነበባል። የሀጂ ታላቅ አማች ለማየት ጎንበስ ብሎ ሲቀና ሀጂን አየው፤ አሁን ግን ፈገግ አላለም።

ሀጂ እጆቹን ዘረጋ። «እሺ። ቀይሯል። እኔ ተሳስቻለሁ፣ በሁላችሁ ፊት እላለሁ፤ መካኒክ አይደለሁምና ተሳሳትኩ። ይኸው ይቅርታ።» ወደ አባ ከድሮ ዞረ። ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔን የሚያሳዝነኝ የእኔ ነገር አይደለም። ተው ስትሉት ማንም በማይሰማችሁ አገር እንዳላችሁ ማየቴ ነው።»

አባ ከድሮ በከዘራው መሬቱን መታ።

«ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ። «ደም የተቃባ ሰው ተው ብዬው ቆሟል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ተው ብዬው ቆሟል። አንተ ለጎማ ብለህ በላዬ ላይ ሄድክ።»

«ለጎማ አይደለም አባባ። ለስሜ ነው፣ ለልጄ።»

«ስምህማ ጠራ» አለ አባ ከድሮ። «ሌባ አይደለህም። ሽማግሌ የማይሰማ ሰው ነህ።»

አምስቱ ዞር ብለው ተነጋገሩ። ብዙ አልቆዩም። ውሳኔው እንዲህ ነበር፦ ሀቢቡ ሽማግሌ ደፍሯል፣ ባለቤቱ ያልፈቀደውን ንብረት ነክቷል፣ እንግዳ ገፍቷል። ድንጋይ ተሸክሞ ሀጂን ይቅርታ ይጠይቅ። ሀጂ ይቅር ካለው ሽማግሌውም ይቅር ይላል፤ አለዚያ ይረገማል።

አብዱልሃፊዝ ወደ ሀቢቡ ቀረብ ብሎ በጆሮው አለው፦ «ሽማግሌ ከረገመው ቤት ማን ይጋባል አባ ሩፋይዳ? ተሸክመው ይለፉ። ሀጂ ድንጋዩን ካነሣልዎት ኒካው በቀኑ ነው።» ከዚያ አበባው ዳር ከተደረደሩት ድንጋዮች ራሱ መረጠለት። ትልቁን አልፎ ሁለተኛውን አነሣ፤ ይህም ውለታ ነበር።

ሀቢቡ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሀጂ ፊት ጎንበስ አለ። የሀጂን ጫማ ብቻ ነው የሚያየው።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ልማዱ ይህን ሲባል ወዲያው ድንጋዩን ማንሣት ነው። ሀጂ አላነሣም።

«ምን አጠፋህ?»

«ተው ስባል አልሰማሁም።»

«ሌላስ?»

«ያልተፈቀደልኝን ነካሁ።»

«ሌላስ?»

ሀቢቡ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አስተካከለ። ላብ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። አጥሩ ላይ አንድ ሰው አሁን የደረሰ ሌላ ሰው «ምንድን ነው?» ሲለው፣ «መካኒኩ ነው፣ ጥፋቱን እያመነ ነው» ብሎ ሲመልስ ተሰማ።

«ይበቃል ሀጂ» አለ አባ ከድሮ።

«ይጨርስ አባባ፤ ቂም እንዳይቀርብኝ ነው። ስምዎን አጉድፌያለሁ በል።»

«ሀጂ...» አለ ሀቢቡ።

«ስምዎን አጉድፌያለሁ» አለ ሀጂ፣ ቃሉን እየሰጠው።

ሀቢቡ አብዱልሃፊዝ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማ። በአጠገቡ ነው የቆመው፤ እየጠበቀ ነው።

«ስምዎን አጉድፌያለሁ» አለ ሀቢቡ።

ሀጂ ድንጋዩን አነሣለት። አቀፈው፤ ጉንጩን ሳመው። አባ ከድሮ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ ሁሉም «አሚን» አሉ። አብዱልሃፊዝም መጥቶ ሀቢቡን በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ኒካው በተቆረጠለት እሑድ እንደሚሆን በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረ።

ሀጂ ፊቱ በራ። «እንግዲህ ቂም የለም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አማቾቹም አጥሩ ላይ ያሉትም እንዲሰሙት። «ቂም እንደሌለኝ አሳያችኋለሁ። ሙሽራዋን የማመጣት እኔ ነኝ፣ በዚህች መኪና። ራሴ ነው የምነዳት።»

«አላህ ይስጥህ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። አባ ከድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ሁሉም ወደ ሀቢቡ ዞሩ።

«አመስግን እንጂ» አለው አንዱ።

«አላህ ይስጥልኝ ሀጂ» አለ ሀቢቡ።

«ምን አደረግሁና። በል፣ ክዳኗን መልስላት።»

ሀቢቡ ተንበርክኮ ብሎኖቹን ከአፈሩ ለቀመ፣ በሸሚዙ ጠረጋቸው። ክዳኑን ገጠመ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ይዘው ከበው ቆመዋል፤ ጎንበስ ብለን ሞተር አናይም ያሉት አሁን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ሀጂ በጣቱ ይቆጥራል። «አንድ። ሁለት። ሦስት።» ስድስተኛው ጠበቀ፣ ሀቢቡ ቁልፉን አነሣ።

«ያቺ ሁለተኛዋ ላልታለች» አለ ሀጂ።

«አጥብቄያታለሁ።»

«ሰው ይረሳል።»

ሳቁ። አብዱልሃፊዝም ሳቀ፤ ከዚያ በለዘበ ድምፅ «ያጥብቁላቸው እንጂ አባ ሩፋይዳ» አለ።

ሀቢቡ ቁልፉን መልሶ ጠብቃ ያለችው ሁለተኛዋ ብሎን ላይ አደረገና ክብደቱን ጣለበት።